ድራጎኑ ምን ፈልጎ ነው?

ባለፈው ወር አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። "ልጄ የሰይጣን ሥዕል ያለበት ጨዋታ ጀምሯል። ዳይስ ይጥላሉ፣ ድግምት ደገምኩ ይላሉ። አንተ ታውቀዋለህ አሉኝ፤ ምን ባደርግ ይሻላል?" አለኝ። የጨዋታውን ስም ሲነግረኝ ሳቄ አመለጠኝ። እናቴም የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት ይህንኑ ጥያቄ ይዛ ጎረቤት ሄዳ ነበር።

በስልክ የነገርኩትን ሌላም ወላጅ ይጠቅመው እንደሆን ልጻፈው ብዬ ነው። ጥቂቱ ምክር ነው፤ የሚበዛው ግን ትዝታ ነው። ትዝታው ሳይቀድም ምክሩ አይገባም።

ለአባቴ ዲቪ ደርሶት ከአዲስ አበባ ሲያትል የገባነው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። የተከራየነው ሬኒየር ቫሊ ነው፤ ሰባት ቁጥር አውቶቡስ የሚመላለስበት፣ ሐበሻው፣ ሶማሌው፣ ቬትናሙ፣ ፊሊፒኖው፣ ጥቁር አሜሪካዊው ግድግዳ ተጋርቶ የሚኖርበት ሰፈር። አባቴ ታክሲ ይነዳል። እናቴ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት ትሠራለች። እኔ ስድስተኛ ክፍል ገባሁና አፌ ተሳሰረ።

እንግሊዝኛ አልችልም ነበር ማለቴ አይደለም። አዲስ አበባ እያለሁ ሰዋስው ላይ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ችግሩ እሱ ነው። ስምህ ማነው ሲሉኝ በልቤ "ማይ ኔም ኢዝ" ብዬ ሙሉ ዐረፍተ ነገር እሠራለሁ፣ አርማለሁ፣ እንደገና አርማለሁ። እስክጨርስ ጠያቂው ሄዷል። ምሳ ሰዓት ካፍቴሪያው ስለሚያስጨንቀኝ ሳንድዊቼን በሁለት ጉርሻ ውጬ ወደ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት እሸሽ ነበር።

እዚያ ጥግ ላይ ያለችው ጠረጴዛ ሁልጊዜ በአራት ልጆች ተይዛ ትጠብቀኛለች። ወረቀት ደርድረው፣ መልኩ ከሉዶ ዳይስ ጋር የማይመሳሰል ዳይስ እየጣሉ ይንሾካሾካሉ። አንዱ እንደ ፒራሚድ ሾጣጣ ነው፤ አንዱ ኳስ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ቁማር መሰለኝ። ለሁለት ሳምንት መጽሐፍ የማነብ መስዬ ስሰልላቸው ቆየሁ። አንድ ቀን የቡድኑ አውራ የሆነው የቬትናም ልጅ ቀና አለና "ትጫወታለህ? ዊዛርድ ጎድሎናል" አለኝ።

ዊዛርድ የሚለውን ቃል አላውቀውም። የኪስ መዝገበ ቃላቴን ገለጥኩ። "ጠንቋይ" ይላል። ያሳደገችኝን ሴት ብታውቋት እንዴት እንደደነገጥኩ ይገባችሁ ነበር። ግን "ጎድሎናል" ብሎኛል። አሜሪካ ከገባሁ አንድ ሰው እኔን ፈልጎ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። ጠንቋይ ሆንኩ።

ጨዋታው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል፤ ተጫዋቹ ዲ ኤንድ ዲ ይለዋል። ለማታውቁት ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ይተርካል፤ "ዲ ኤም" ይሉታል፣ እኔ ተራኪው ልበለው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕሪ ይዘው ታሪኩ ውስጥ ይገባሉ። ተራኪው "ዋሻው አፍ ላይ ደርሳችኋል፣ ከውስጥ ጭስ ይወጣል፣ ምን ታደርጋላችሁ?" ይላል። እነሱ ይመልሳሉ። የሚሉት ነገር ሊሳካም ላይሳካም የሚችል ከሆነ ዳይስ ይጣላል። አያቴ "ተረት ተረት" ስትል "የላም በረት" ብለን ዝም ብለን ነበር የምንሰማት። ይኼኛው ተረት ሰሚው እየተነሣ የሚያበላሸው፣ የሚጠመዝዘው ተረት ነው።

የፈጠሩት ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው። በትናንሽ አሻንጉሊት ወታደሮች የጦርነት ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች ነበሩ። ሙሉ ጦር ከማዘዝ አንድ ተጫዋች አንድ ሰው ቢሆንስ የሚለው ሐሳብ አደገና በ1974 በአንድ ሺህ ቅጂ ታትሞ ወጣ። ኋላ በ1997 ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለ ኩባንያ ገዛው። የዚህ ኩባንያ ቢሮ ያለው ሬንተን ነው። ሬንተን ከሰፈራችን በመኪና ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው። አባቴ ደንበኛ ጭኖ ስንት ጊዜ በዚያ እንዳለፈ እግዜር ይወቀው። እኛ ግን ልጆች ነን፤ መጽሐፉ ከሰማይ የወረደ ይመስለን ነበር።

ወደ ጠረጴዛዋ ልመለስ። ገጸ ባሕሪ ለመሥራት ስድስት ጎን ያለውን ዳይስ አራት ጊዜ ትጥላለህ፣ ትንሹን ቁጥር ትተህ ሦስቱን ትደምራለህ። ይህን ስድስት ጊዜ ትደጋግማለህ። ስድስቱ ቁጥሮች ለጉልበት፣ ለቅልጥፍና፣ ለጽናት፣ ለዕውቀት፣ ለማስተዋልና ለግርማ ሞገስ ይታደላሉ። የእኔው ሰውዬ ዕውቀቱ 16 ሆነ፣ ጉልበቱ 6፣ ጽናቱ 8። በአማርኛ ስናስበው፣ የተማረ ግን ነፋስ የሚጥለው ሰው። ስሙን ማን እንበለው አሉኝ። ጨነቀኝ። ቤተ ክርስቲያን የተማረ፣ ዜማና ቅኔ የሚያውቅ፣ ሰው ደግሞ ክታብ ይጽፋል፣ መናፍስት ይጠራል እያለ የሚያማው ማነው? "ደብተራ" አልኩ። "ዴብ-ቴራ!" አሉ በአንድ ድምፅ። በጣም ወደዱት።

የመጀመሪያዋ ተራዬ እስከዛሬ ፊቴ ላይ ናት። የከተማ በር ነው። ሁለት ዘበኞች ቆመዋል። ሌባው (ጓደኞቼን በገጸ ባሕሪያቸው ልጥራቸው፤ ሌባው ሶማሌ ነው፣ ቄሱ ፊሊፒኖ፣ ባለጎራዴው የሰፈራችን ተወላጅ ጥቁር አሜሪካዊ) በጎን ሾልኮ ሊገባ ነው። ዘበኞቹን የሚያዘናጋ ሰው ያስፈልጋል። ተራኪው ወደ እኔ ዞረና "ዴብ-ቴራ፣ ምን ታደርጋለህ?" አለ።

ዝም። ሁሉም ያየኛል። ግን የሚሄድ የለም። ተራዬ ስለሆነ ካልተናገርኩ ታሪኩ አይንቀሳቀስም። ይህን አስቡት፤ ክፍል ውስጥ ዝም ካልክ አስተማሪዋ ሌላ ልጅ ትጠይቃለች። እዚህ ሌላ ልጅ የለም። በመጨረሻ "ሰዓት እጠይቀዋለሁ" አልኩ።

ሃያ ጎን ያለውን ዳይስ አቀበሉኝ። ጣልኩ። ሦስት ወጣ። እንደማፍር ጠበቅኩ፤ እነሱ ግን በደስታ ፈነዱ። ተራኪው ፊቱን አኮሳትሮ በዘበኛው ድምፅ "ሰዓቱን ለምን ፈለግከው?" አለኝ። "እናቴ እየጠበቀችኝ ነው።" "እናትህ የት ናት?" "ገበያ።" "ዛሬ ገበያ የለም።" እንዲህ እንዲህ እያልን ደወል እስኪደወል ተነታረክን። ሰዋስው ማረሙን ረስቼዋለሁ። አሜሪካ ከገባሁ ወዲህ በእንግሊዝኛ ያደረግኩት ረጅሙ ወሬ ለሌለ ዘበኛ የዋሸሁት ውሸት ነው።

ያኔ ከወጣ አንድ ዓመት ያለፈው ሦስተኛው እትም ነበር የምንጫወተው። መጽሐፉን ከከተማው ቤተ መጻሕፍት ተዋስኩና ማታ ማታ በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ማንበብ ጀመርኩ። ማንም ሳያዘኝ። ስቴፕለር ምን እንደሚባል ሳላውቅ ግሌቭና ሃልበርድ የሚባሉ ረጅም ዘንግ ያላቸው የጦር መሣሪያዎች በምን እንደሚለያዩ አስረዳ ነበር። ለቋንቋ መማሪያ ትንሽ ጠማማ መንገድ ነው፤ አልክድም። የኢ ኤስ ኤል (ለአዲስ መጤ ልጆች እንግሊዝኛ የሚሰጥበት ክፍል) አስተማሪዬ "ፒንሰርስ" (መቆንጠጫ) የሚለውን ቃል ከየት እንዳመጣሁት ጠይቃኝ "ከግዙፍ ጊንጥ" ብያታለሁ።

የእናቴ ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው።

የሦስተኛው እትም የተጫዋቾች መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ ሥዕል የለም። ቡናማ ሆኖ አሮጌ የቆዳ መጽሐፍ እንዲመስል ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ብረት የተለበጠበት፣ ፈርጥ የተሰካበት ያስመስሉታል። ለአሜሪካዊ ልጅ ያምራል። አልጋ ስር ለምታጸዳ ሐበሻ እናት ግን ይህ የብራና መጽሐፍ ነው፤ ያውም ዳዊት ያልሆነ ብራና። ገልጣ አየችው። ቀንድ ያለው ፍጥረት። ክበብ ውስጥ የቆመ ጢማም ሰውዬ። እንግሊዝኛዋ ያኔ ብዙ አልነበረም፤ ሥዕሉ ግን ትርጉም አያስፈልገውም።

አልጮኸችም። መጽሐፉን በነጠላ ጠቅልላ የአባቴ ታክሲ የኋላ ኮፈን ውስጥ ደበቀችው። ሦስት ሳምንት ከተማውን ዞረ። እኔ ጠፋብኝ ብዬ እጨነቃለሁ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ቅጣት ይቆጥራል። ኋላ በ2020 የሲያትል ቤተ መጻሕፍት የመዘግየት ቅጣትን ጭራሹን አንሥቶታል፤ ለእኔ ትንሽ ረፈደ። ጉዳዩ የተገለጠው የቅጣት ወረቀት በፖስታ ወደ ቤታችን ሲመጣ ነው። እናቴ ይሄኔ ጮኸች። "ጠንቋይ ሊሆን ነው ወይ ከአገሬ ያመጣሁት?"

እውነት ለመናገር፣ ብቻዋን አልነበረችም። በ1980ዎቹ አሜሪካ ራሷ በዚህ ጨዋታ ስትናወጥ ነበር። ልጇ ራሱን ያጠፋባት አንዲት እናት ጥፋቱን በጨዋታው ላይ አድርጋ ብዙ ዘመቻ አካሂዳለች። ዝምድናው አልተረጋገጠም፤ ሐዘኗ ግን ሐዘን ነው። ግፊቱ ስለበረታ በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም ሰይጣንና ጋኔን የሚሉት ስሞች ተነሥተው የፈጠራ ስም ተተካላቸው። በእኛ እትም ተመልሰው መጡ። እናቴ ዐሥር ዓመት ቀደም ብላ ብትመጣ ኖሮ የሚተባበራት አሜሪካዊ አታጣም ነበር።

ያዳኑኝ ጎረቤታችን ናቸው። እናቴ ልታማክራቸው የሄደችው እትዬ፣ ልጅ ያሳደጉ፣ ብዙ ያዩ ሴት ናቸው። "ከልክለሽው ውጪ ከሚጫወተው አምጥቶ እፊትሽ ይጫወተው፤ ያየሽውን ትፈርጃለሽ" አሏት። ለወዳጄም በስልክ የነገርኩት ዋናው ምክር ይሄው የእሳቸው ነው። የእኔ ጭማሪ አንድ ብቻ ናት፦ ስትቀመጥ ስልክህን አስቀምጠህ ተቀመጥ።

በማግሥቱ ቅዳሜ አራቱም መጡ። እናቴ የሌሊት ሥራዋን ጨርሳ፣ ሁለት ሰዓት ተኝታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ እንደ ፈታኝ መጥታ ተቀመጠች። ዳቦ ተቆረሰ፣ ሻይ ተቀዳ፣ ቆሎ በሰሃን መሀል ላይ ተቀመጠ። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፍ ላይ ቁጭ አሉ። ባለጎራዴው ግድግዳውን ቀና ብሎ አየና ዓይኑ እዚያው ቀረ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ነው። ነጭ ፈረስ፣ ጦር፣ እግር ስር የተጋደመ ደራጎን። "ዴብ-ቴራ፣" አለኝ በአድናቆት፣ "ይሄ ሰውዬ ስንተኛ ሌቭል ነው?"

እናቴ "ምን አለ?" አለች። "ሥዕሉ ያምራል ነው የሚለው" አልኳት። እውነቱን የነገርኳት ኮሌጅ ስገባ ነው። ረጅም ጊዜ ስቃ "እና ስንተኛ አልከው?" አለችኝ።

ቆሎው ትልቅ ግኝት ሆነ። እስከዚያ ድረስ ጠላቶቻችንን በወረቀት ላይ በእርሳስ ነበር የምናመለክተው። ያን ቀን ገብሱ ጎብሊን (ትንንሽ ክፉ ፍጥረት) ሆነ፣ ሽምብራዋ አለቃቸው። ዐሥራ ሁለት ጎብሊን ምንጣፉ ላይ ተደረደረ። ደንብም ወጣ፦ የሞተ ይበላል። ሌባው ቅልጥፍናው 18 ስለሆነ ብዙ ይገድላል፣ ብዙም ይበላል። ረመዳን ሲገባ ግን ስለሚጾም የገደላቸው ሬሳዎች ፊቱ ይቆለላሉ፤ ቤቱ ሄዶ እንዲያፈጥርባቸው እናቴ በፌስታል ቋጥራ ትሰጠዋለች።

ያኔ ግን ገና የመጀመሪያው ቀን ነው። እናቴ ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንም አልተናገረችም። እኔ በየመሀሉ እተረጉምላታለሁ። ታሪኩ ተራራው ላይ ደረሰ፤ ድራጎኑ መንደር እያቃጠለ ነው። ተራኪው ድምፁን ወፍራም አድርጎ ይጮሃል። "ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው የሚቆጣው?" አለች። "እሱ አይደለም፣ ድራጎኑ ነው።" ባለጎራዴው ጎራዴ መዝዟል፣ እኔ ድግምቴን እየቆጠርኩ ነው። እናቴ ሲኒዋን አስቀመጠችና "ቆይ፣ ድራጎኑ ምን ፈልጎ ነው?" አለች።

ተረጎምኩት። ጸጥታ ሆነ። አራት ወር ስንጫወት ይህን የጠየቀ የለም። ጭራቅ ይመጣል፣ እንገድለዋለን፣ ወርቅ እንወስዳለን፤ አለቀ። ተራኪው ወረቀቶቹን አገላበጠ፤ የጻፈው ነገር የለም። ትንሽ አሰበና "እንቅልፍ" አለ። "ከሥሩ ድዋርፎች፣ እነዚያ ድንክ ሰዎች፣ ማዕድን ይቆፍራሉ። የመዶሻው ድምፅ መቶ ዓመት እንቅልፍ ነስቶታል።"

ይህንንም ተረጎምኩላት። ሌሊት ሠርታ ቀን ስትተኛ ፎቅ ላይ ልጆች ሲሯሯጡባት የምትውል ሴት ናት። "እውነቱን ነው!" አለች ደረቷን መትታ። "ሂዱና ሠራተኞቹን አናግሯቸው። እሱን ለቀቅ አድርጉት።"

አናገርናቸው። ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። ድዋርፎቹ ቀን እንዲቆፍሩ፣ ድራጎኑ ሌሊት እንዲተኛ ተስማሙ፤ ውሉን የጻፈው ደብተራ ነው። ከዚያ ወዲህ ጨዋታችን ሌላ ሆነ። ኦርክ የሚባለው ጭራቅም፣ ጎብሊኑም፣ ሌላው ቀርቶ ግዙፉ ጊንጥ ምን እንደሚፈልግ ይጠየቅ ጀመር። ጊንጡ የፈለገው እኛን መብላት ነበር፤ ሁሉም አይሳካም።

ክፉ ቀንም ነበር። አንደኛ ደረጃ ላይ ያለ ዊዛርድ ከባዱ ችግሩ አቅም ማጣቱ ነው። የእኔው ሦስት የሕይወት ነጥብ ብቻ ነበረችው። አንድ ጎብሊን በዱላ ሰባት አሳረፈብኝ። አራት ከዜሮ በታች። በዚያ እትም ሕግ ከዜሮ በታች የወረደ ሰው በየተራው አንድ አንድ እየፈሰሰበት ይሄዳል፤ ዐሥር ከደረሰ ሞተ። በየተራው ከዐሥር አንድ ዕድል አለችህ፣ ደሙ በራሱ እንዲቆም። ጣልኩ፣ አልሆነም። አምስት። ጣልኩ፣ አልሆነም። ስድስት። ቄሱ ከወንዙ ማዶ ነው። ቆሎ የሚበላ የለም። ሰባት። ቄሱ ወንዙን በዋና ለመሻገር ዳይስ ይጥላል፣ ይወሰዳል፣ ይመለሳል። ስምንት ላይ ደረሰልኝና ቁስሌን አሰረ። ሌባው ዓይኑን ሲጠርግ አይቼዋለሁ። አቧራ ነው ብሏል።

ይኸው ሌባ ግን በሌላ ጊዜ የደብተራን ቀለበት ተኝቼ ሳለሁ ሰረቀ። "እኔ አይደለሁም፣ ገጸ ባሕሪዬ ሌባ ስለሆነ ነው" አለ። ሁለት ሳምንት ተኮራረፍን፤ በእውነተኛው ዓለም ማለቴ ነው። ዛሬ ከልጆች ጋር ስጫወት ገና ዳይስ ሳይነካ የማስቀድመው ወሬ ይህ ነው፦ አንዳችን ከሌላችን አንሰርቅም፣ አንገዳደልም፣ ደስ ያላለው ሰው "ይቅር" ካለ ይቀራል። ትልልቆችም ቢሆኑ ይህን ቢነጋገሩ አይጎዱም።

ትምህርት ቤትም አንድ ጊዜ አንድ አስተማሪ ዳይሳችንን ሙልጭ አድርጎ ወሰደብን። ቁማር ነው አለ። እኔም መጀመሪያ ቁማር ስለመሰለኝ ብዙ አልፈረድኩበትም። አንድ ወር ያህል ቁጥር የተጻፈባቸው ቁርጥራጭ ወረቀቶች ከኮፍያ ውስጥ እያወጣን ተጫወትን። ስለዚህ ዳይስ የለንም የሚል ሰበብ አይሠራም።

በሁለተኛው ዓመት ተራኪነት ደረሰኝ። መጽሐፉ ውስጥ ኖል የሚባሉ የጅብ ራስ ያላቸው ፍጥረታት አሉ። ሌሎቹ ጅብን የሚያውቁት ከአራዊት ፊልም ነው። እኔ አያቴ ቤት ጎፋ ሌሊት ሲጮህ እየሰማሁ ተኝቻለሁ። ተረኩላቸው፤ መብራት አጥፍቼ፣ ድምፁን እያሰማሁ። ባለጎራዴው መጸዳጃ ቤት ብቻውን አልሄድም አለ። ታሪኩን ያጣፈጥኩት ግን ከአያቴ በሰማሁት የቡዳ ወሬ ነው፤ ቀን ብረት ቀጥቅጦ ማታ ጅብ የሚሆን ሰው። ዛሬ ሳስበው ይህችን አልወዳትም። ይህ ወሬ አገራችን ውስጥ ባለእጆችን ስንት ዘመን ያስገፋ ወሬ ነው። ከተረታችን ለልጆች ስታመጡ ማንን እንደሚወጋ አይታችሁ አምጡ።

የማልጸጸትበት የእንቆቅልሹ በር ነው። የተቆለፈ የድንጋይ በር አለ፣ ይናገራል። "እንቆቅልሽ?" ይላል፤ "ምን አውቅልህ?" ካላሉት አይመልስም። "ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?" ወንዝ መሆኑን ማንም አላገኘውም። በሩ "አገር ስጡኝ" አለ። የእኛን ደንብ የት ያውቁታል! ቄሱ በቸልታ "ያለንበትን ግዛት በሙሉ ሰጠሁህ" አለ። ጻፍኩት። ከሦስት ወር በኋላ ንጉሡ ፊት ሲቀርቡ ዙፋኑ ላይ በሩ ነበር።

ከዚያ ኪራይ ጨመረ። አንዱ ኬንት ሄደ፣ አንዱ ፌደራል ዌይ፣ እኛም ለቀቅን። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ተበተንን።

አሁን ስለመጀመር ለሚጠይቁኝ። ገንዘብ አታውጡ። መሠረታዊ ሕጎቹ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አሉ፤ ከ2023 ወዲህ ደግሞ ዋናው የሕግ ሰነድ ማንም እንዲጠቀምበት፣ እንዲተረጉመውም በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቋል። ሰባት ዳይስ ያለበት ከረጢት ርካሽ ነው፤ እሱም ከሌለ ስልክ ይጥላል፣ ኮፍያም አለ። ሦስት ወይም አራት ልጅ ይበቃል፤ ስድስት ሲሆኑ ተራ እስኪደርስ ይሰለቻል። ለትንንሽ ልጆች ከአንድ ሰዓት ተኩል አትለፉ። ሕጉን አስቀድማችሁ አታስተምሩ፤ "ምን ታደርጊያለሽ?" ብላችሁ ጀምሩና ሕጉ ሲያስፈልግ ይምጣ። እኔ የመጀመሪያ ቀን አንድ ነገር ብቻ ነው የምነግራቸው፦ ሃያ ጎኑን ጣሉ፣ ቁጥሩ ከፍ ካለ ይሳካል። ደግሞ ልጁ ዝም ሲል አትጣደፉ፣ አትመልሱለት። ያቺ ዝምታ ለእኔ ምን እንዳደረገች ነግሬያችኋለሁ።

ውጭ አገር ላላችሁ፣ በአማርኛ ተጫወቱት። ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ ናት፤ ታውቋቸዋላችሁ። ቤታችን ውስጥ ግን ፍጥረታቱ እንግሊዝኛ አይሰሙም። ግዙፉን ለማግባባት የፈለገ ሰው በአማርኛ ያግባባው። "ግርማ ሞገስ" የሚለውን ቃል ያወቀችው ቁጥሩ 17 ስለወጣላት ነው። ዕውቀትና ማስተዋል ለምን ለየብቻ ተቆጠሩ ብላ ስትጠይቀኝ ማስረዳት ጀመርኩ፤ እናቴ ከወጥ ቤት ሆና "የአክስትሽን ባል አስቢው" አለቻት። ገባት።

እናቴ አሁን ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ገጸ ባሕሪ ያዢ ስላት እምቢ ብላለች፤ ጠንቋይነት በዚህ ዕድሜ አልጀምርም ትላለች። የድንጋዩን በር ድምፅ ግን ራሷ ካልሆነች አትወድም። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ በሩ ፊት ቆማለች።

"እንቆቅልሽ?"

"ምን አውቅልሽ?"

"ማታ ተዘርግቶ ቀን የሚጠቀለል?"

ልጄ ጣሪያ አየች፣ እኔን አየች፣ ዳይሱን አየች። ዳይስ ለእንቆቅልሽ አይሠራም። ፍራሽ ከአልጋ ወርዶ የማያውቅበት ቤት ነው ያደገችው፤ የሚጠቀለል መኝታ ከየት ታምጣ? ሰጠች እጇን።

"አገር ስጪኝ!" አለች እናቴ።

የምታውቀውን አገር ስታስብ ቆየች። "ሬንተንን ሰጠሁሽ፣ እማማ።"

እናቴ ወንበሯ ላይ ተመቻቸች። "ሬንተን ሄጄ ምን አጥቼ፣ ሁሉ በእጄ፣ ሁሉ በደጄ!"